ንጉሥ ከተከሰሰ በኋላ

በ2011 ዓ.ም. በወርኃ ጥር ለአክስቴ ተዝካር ወደ ራቤል ወጥቼ ነበር። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ጣርማ በር ላይ ከዋናው አስፋልት ይገነጠልና በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይደርሳል። ራቤል ከዚያም ወዲያ ናት፤ የጊሼ ወረዳ መቀመጫ። እንደኔ ከተማ የለመደ ሰው የዚያን አገር የጥር ብርድ የሚችለው ባና ደርቦ እሳት ዳር ሲቀመጥ ብቻ ነው። እንዲሁ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን የተሻገረና የጉልምስና ዘመናቸውን ግማሽ በርስት ክርክር ያሳለፉ አጎቴ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«አንተ፣ ሕግ ተምረሃል አይደል? የልጅ ልጄ ያለችበት አገር ሰዎች፣ እነዚያ አሜሪካኖች፣ ንጉሣቸውን ምን ብለው ነው የከዱት?»

ከጥያቄው ይልቅ ቃሉ ያዘኝ። «ከዱ» ነው ያሉት። በእኛ አነጋገር ከንጉሥ የተለየ ሰው ወይ ከድቷል፣ ወይ ሸፍቷል። ምክንያቱን ለሰው አስረድቶ የተለየውን ምን ብለን እንደምንጠራው እስካሁን አላገኘሁትም።

«ክስ ጽፈው ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ይህን ይህን በደልከን ብለው፣ አንድ በአንድ ዘርዝረው።»

«ዳኛውስ ማን ነበር?»

«ዳኛ አልነበረም። ለዓለም ሕዝብ ነው ያሰሙት።»

ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያውስ ክሱ የታሰረው በከሳሾቹ ላይ ነው» አሉ። «በአባቶቻችን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ ነበር ዳኛ ፊት የሚሄዱት። ቁራኛ ማለት እሱ ነው። ተከሳሹ እንዳይጠፋ ብቻ አይምሰልህ፤ ከሳሹም እንዳይጠፋ ነው።»

ሕግ ፋኩልቲ በቆየሁባቸው ዓመታት ስለ አሜሪካ አብዮት ያነበብኩት ጥቂት አይደለም። ነገሩን እንዲህ ያሳጠረልኝ ግን አልነበረም። የዛሬው ጽሑፌም ከዚሁ የተነሣ ነው። ንጉሥን የከሰሰ ወገን በገዛ ክሱ ይታሰራል ወይ? በእኛ አገርስ ከሳሾቹ ሳይታሰሩ የቀሩት ለምንድን ነው?

ክሱ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1776 አሥራ ሦስቱ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ያወጡት የነፃነት መግለጫ በአብዛኛው የሚታወቀው በመግቢያው ነው፤ ሰዎች እኩል ስለመፈጠራቸው፣ መንግሥት ሥልጣኑን የሚያገኘው ከተገዢዎቹ ፈቃድ ስለመሆኑ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ከዚያ ዘጠና ዓመት ገደማ በፊት ሥልጣን አደራ እንደሆነ፣ አደራውን የበላ ገዢም የመታዘዝን ግዴታ ራሱ እንደሚያፈርሰው ጽፎ ነበር።

ለሕግ ባለሙያ ግን የመግለጫው ዋና አካል ከመግቢያው ቀጥሎ ያለው ነው። በንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ላይ 27 ክሶች ተደርድረዋል። የሕዝብ ምክር ቤቶችን በትኗል። የዳኞችን የሥራ ዘመንና ደመወዝ በራሱ ፈቃድ ላይ አንጠልጥሏል። በሰላም ጊዜ ያለ ምክር ቤቶቹ ፈቃድ ጦር አስፍሯል፤ ወታደሩንም ከሲቪሉ ሥልጣን በላይ አድርጓል። ያለ ፈቃዳችን ግብር ጥሏል። በዳኝነት ጉባኤ (ጁሪ) የመዳኘት መብታችንን ነፍጎናል።

ሰዎቹ ወደዚህ የደረሱት በአንድ ሌሊት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1765 የእንግሊዝ ፓርላማ የቴምብር ቀረጥ ሲጥልባቸው ተቃወሙ፤ በዓመቱ ቀረጡ ተነሣ። ነገር ግን ፓርላማው በዚያው ሰሞን ቅኝ ግዛቶቹን በማናቸውም ጉዳይ የማሰር ሥልጣን አለኝ የሚል ሕግ አወጣ። ጠቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክርክሩ በገንዘቡ ማነስና መብዛት ሳይሆን ማን ተጠይቆ ማን ፈቀደ በሚለው ላይ ነበር።

የሚገርመው፣ ለብዙ ዓመታት ንጉሡን አልከሰሱም። ወቀሳው በሚኒስትሮቹና በፓርላማው ላይ ነበር። «ንጉሡ አያውቁም፤ ክፉዎቹ ሹሞቹ ናቸው» የሚለው አስተሳሰብ የእኛ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1775 ክረምት እንኳ በመጨረሻው ሰዓት ለንጉሡ የአቤቱታ ደብዳቤ ላኩ። ንጉሡ ደብዳቤውን አልቀበልም አለ፤ ዐመፀኞች ናቸው ብሎም አወጀባቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ የቶማስ ፔይን ትንሽ መጽሐፍ ወጥቶ ጥያቄውን ከሹሞቹ ወደ ዘውዱ አዞረው።

ክሱ ከተነበበ በኋላ የሆነውን ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1787 ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ፣ በ1791 ደግሞ የመብቶች ማሻሻያዎች ሲጸድቁ፣ በንጉሡ ላይ የቀረቡት ብዙዎቹ ክሶች ወደ አንቀጽነት ተለወጡ። የፌዴራል ዳኛ መልካም ጠባይ እስካለው ድረስ ከወንበሩ አይነሣም፤ በሥራ ላይ እያለም ደመወዙ አይቀነስም። የገቢ ሕግ የሚመነጨው ሕዝብ ከሚመርጠው ምክር ቤት ነው። ወታደር በሰላም ጊዜ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሰው ቤት አይሰፍርም። ከሳሾቹ ንጉሡን የከሰሱበትን ነገር ራሳቸው እንዳይሠሩት ራሳቸውን አሰሩ።

ንጹሐን ነበሩ ማለቴ ግን አይደለም። መግለጫውን የጻፈው ጀፈርሰን ባሪያ ፈንጋይ ባይሆንም ባሪያ አሳዳሪ ነበር። በረቂቁ ውስጥ የባሪያ ንግድን የሚያወግዘውን ክፍል ጉባኤው ራሱ ሰርዞታል። ነባሮቹ የአገሩ ተወላጆችና ሴቶችም በዚያ «እኩል» ውስጥ አልተቆጠሩም። ሆኖም ወረቀቱ ከጸሐፊዎቹ በላይ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1848 በሴኔካ ፎልስ የተሰበሰቡ ሴቶች የመግለጫውን ቅርጽ ይዘው የራሳቸውን ክስ ጻፉ። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1852 በዚያው ወረቀት የአሜሪካን ነጮች ፊት ለፊት ሞገታቸው። የአጎቴ ቁራኛ ይኸው ነው፤ ከሳሹ ሊጠፋ ሲል በኩታው ጫፍ ተይዞ ተመለሰ።

በዚያው ዘመን በእኛ ቤት

መግለጫው የወጣበት ጊዜ በእኛ አቆጣጠር 1768 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ ምን ነበር? ከሰባት ዓመት በፊት ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገድለው፣ ሽማግሌውን ዮሐንስ ካልዕን አንግሠው፣ እሳቸውም ወራት ሳይቆዩ ሞተው፣ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ዙፋን ላይ ተቀምጠው ነበር። ዘመነ መሳፍንት ተጀምሯል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ንጉሥ ይገደላል፣ ይሻራል፣ እንደ አሻንጉሊትም ይቀመጣል፤ አይከሰስም ነበር እንጂ።

የመንዝ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የተለየ መልክ አለው። የሸዋ መሳፍንት ዘር የሚቆጠረው ከዚሁ ከመንዝ ከተነሡት ከነጋሢ ክርስቶስ ነው። ነጋሢ ሹመታቸውን ለማስጸደቅ ጎንደር ድረስ ሄደው እዚያው እንደሞቱ ይነገራል። ልጅ ልጆቻቸው ግን ቀስ በቀስ ከጎንደር ራቁ፤ መርዕድ አዝማች እየተባሉ በራሳቸው ገዙ፤ በመጨረሻም ሣህለ ሥላሴ ራሳቸውን ንጉሥ አሉ። እንግዲህ ሸዋ ከጎንደር ዘውድ በተግባር ተለይታለች። ነገር ግን ለምን እንደተለየች፣ ጎንደር ምን እንዳጎደለባት፣ የሸዋ ገዢስ ለሸዋ ሰው ምን ዕዳ እንዳለበት የሚናገር ክስ አልተጻፈም። ዝም ብሎ መቅረት ነበር። የሸዋ ገዢ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1889 ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑም የሚያስታውሱት፣ ሌላውም የሚያስታውሳቸው የተጻፈ ቃል አልነበረም።

ምክንያት ተነግሮ ንጉሥ የተሻረበት ጊዜ አለ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሲሽሩ ሃይማኖት ለውጠዋል ብለው ከሰሱ፤ አቡነ ማቴዎስም ከመሐላው ፈቷቸው። በወሩ ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ሲሉ የወሎን ጦር ይዘው መጡ። የሰሜን ሸዋ ደጋ በቶራ መስክና በሰገሌ የከፈለው ደም የዚያ ክርክር ፍርድ ነው። ይህ ቢያንስ ክስ ነበር። ይሁን እንጂ ክሱ ንጉሡ ለእምነቱ ስላለበት ግዴታ እንጂ ለገበሬው ስላለበት ግዴታ አልነበረም። ስለዚህም ተተኪዎቹን በእምነት በኩል ካልሆነ በቀር በምንም አላሰራቸውም። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በደማቸውና በተቀቡት ቅባት ቅዱስ እንደሆኑ፣ ሥልጣናቸውም እንደማይነካ ሰፈረ። የአባቶች ምሳሌያዊ አነጋገር የሕግ አንቀጽ ሆነ ማለት ነው።

ያልተጠየቀው ግብር ከፋይ

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ከሞከሩት አንዱ ገርማሜ ንዋይ የተማረው አሜሪካ፣ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ነበር። የማስተርስ ጽሑፉንም የሠራው በኬንያ ስለ ነጭ ሰፋሪዎች ነው። ስለዚህ የሰፋሪና የዘውድ፣ የመሬትና የፈቃድ ጥያቄ ለእሱ የሩቅ ወሬ አልነበረም። በሬዲዮ የተነበበው መግለጫም አዲስ ነፃ የወጡ የአፍሪካ አገሮች ሲራመዱ እኛ ወደ ኋላ መቅረታችንን ተናግሯል። ነገሩ ያበቃው ግን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው በነበሩ ሹማምንት ግድያ ነው። ክሱ ሳይመረመር ከሳሽም ተከሳሽም በጥይት ተለያዩ።

ከሰባት ዓመት በኋላ የጎጃም ገበሬ ከፊላደልፊያዎቹ ጋር የሚቀራረብ ጥያቄ አነሣ። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራቱን ያስቀር እንጂ፣ ለገበሬው የታየው መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነካ ነው የሚል ስጋት ነው። አዋጁ በፓርላማ አልፏል። ፓርላማው ግን ፓርቲ የሌለበት፣ የላይኛው ምክር ቤት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾምበት ነበር። ገበሬው ሽማግሌ መርጦ አዲስ አበባ ላከ፤ አቤት አለ። አቤቱታው በጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ላይ እንጂ በዘውዱ ላይ አልነበረም። ጦርና አውሮፕላን ዘመተበት። በመጨረሻ ገዢው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ለጎጃም ምሕረት ሰጡ፤ መብት ግን አልሰጡም። የሚቀጥለው ግብር ሲጣል ማን እንደሚጠየቅ አልተወሰነም። ገበሬውም ሊያስወስን አልጠየቀም፤ ንጉሡ አያውቁም ነበርና። የአሜሪካ ሰፋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1766 ቀረጡ ሲነሣላቸው ደስ ብሏቸው ቤታቸው ቢቀሩ ኖሮ የሚደርሱት እዚሁ ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.

በዚያ ጠዋት በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ለንጉሠ ነገሥቱ የተነበበላቸው ጽሑፍ፣ አዋጅ ቁጥር 1/1967፣ በታሪካችን ዘውድን በሕዝብ ስም በጽሑፍ የከሰሰ ትልቁ ሰነድ ነው። ሕዝቡ ዘውዱን የአንድነት ምልክት አድርጎ በቅንነት ሲያከብር፣ እሳቸው ሥልጣኑን ለራሳቸው፣ ለቤተሰባቸውና ለባለሟሎቻቸው ጥቅም አውለውታል ይላል። ሕገ መንግሥቱ ፍጹም ሥልጣን ሰጥቷቸዋል፣ ፓርላማውም ለሕዝቡ አልሠራም ሲልም ይከሳል። ጥሩ ክስ ነው። በእኔ አስተያየት አብዛኛው እውነትም ነበር።

ዳሩ ግን ያው አዋጅ ከክሱ ዝቅ ብሎ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ ታግዷል። ፓርላማው ተበትኗል። ሥራ ማቆምና ያለ ፈቃድ ሰልፍ መውጣት ተከልክሏል። ልዩ ጦር ፍርድ ቤት ይቋቋማል፤ በፍርዱ ላይ ይግባኝ የለም። ከ27ቱ የአሜሪካ ክሶች አጠገብ ብታስቀምጡት፣ ጆርጅ ሣልሳዊ ከተከሰሰባቸው ነገሮች ሦስቱን አራቱን ደርግ በአንድ ገጽ፣ በአንድ ጠዋት፣ ንጉሥ እየከሰሰ ፈጽሟቸዋል።

በጊዜው ተረቅቆ የነበረው አዲስ ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ ሥራ ላይ ይውላል ተባለ፤ አልዋለም። ኅዳር 14 ቀን ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ሹማምንትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተገደሉ። መጋቢት 12 ዘውዱ ራሱ ተሰረዘ። አገሪቱ ቀጣዩን ሕገ መንግሥት ለማየት እስከ 1980 ዓ.ም. መባቻ ጠበቀች። ንጉሡን ያለ ሕግ ገዛህ ብሎ የከሰሰው ወገን አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ያለ ሕገ መንግሥት ገዛ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። የደርግን በደል ቆጥሮ በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ወገን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከቀድሞዎቹ የተሻለ አንቀጽ ጻፈልን። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊ ይጠየቅ፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ያንሣ ይላል። የደርግ ባለሥልጣናትም በፍርድ ቤት ተከሰው በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ፤ ያ ለ«አይከሰስ» ባህል ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም ወንበር በአንድ ግንባርና በአጋሮቹ ተያዘ። በእምነት ማጣት ከወንበሩ የተነሣ ተመራጭ ያየ አንባቢ ካለ ይጻፍልኝ።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ፓርላማ ቀርበው መንግሥት በእስረኞች ላይ የፈጸመው ግርፋት ሽብርተኝነት እንደነበር ተናገሩ። እኔም ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ፣ ይህ ከሳሽ ኩታውን ቋጠረ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተራዝሞ አሥር ወር ቆየ፤ ብዙ ሰው ያለ ክስ ታሰረ፤ ከታሰሩት ውስጥ የምክር ቤት አባላትም ነበሩ። ቋጠሮው ላልቶ ነበር ማለት ነው።

የባዕድ ሐሳብ ነውን?

ይህን ስል «የፈረንጅ ሐሳብ ነው፤ ለእኛ አፈር አይሆንም» የሚለኝ አይጠፋም። ከራቤል ወደ ደቡብ ያለውን የጓሳን ሜዳ ላስታውሰው። መንዞች ያንን የሣርና የግጦሽ ቦታ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት አስተዳድረውታል። አባ ቀራ ወይም አፈሮ የሚባለውን አለቃ የሚመርጡት ራሳቸው ባለ መብቶቹ ነበሩ። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ለሁሉም ይከፈታል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ሁሉም እኩል ነበር አልልም፤ መብቱ የሚገኘው በዘር ሐረግ ነበርና። ቢሆንም የተመረጠ አለቃና የታወቀ ደንብ በመንዝ አፈር በቅሏል። ያን ሥርዓት ያፈረሰው የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። አዋጁ ለደቡቡ ጭሰኛ ትልቅ ነፃነት ነበር። የጓሳን ባለ መብት ግን ማንም አልጠየቀውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። «ወረቀት ማንን አሰረ? አሜሪካኖቹም ያሸነፉት በጠመንጃ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ እስከ 1783 እ.ኤ.አ. ተዋግተዋል። ወረቀት ብቻውን አያስርም። የኩታውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ትእዛዙ የሚከበርለት ዳኛ፣ በጀት የሚከለክል ምክር ቤት፣ የትናንቱን ክስ አውጥቶ የሚያነብ ጋዜጣ። ነገር ግን ክሱ ራሱ ካልተጻፈ ጫፉን የሚይዘው ሰው ምን ይይዛል?

ጦርነት በ2014 ዓ.ም. እስከ ሰሜን ሸዋ ደጋ ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። በዚያ ተዝካር ላይ የነበሩ ወጣቶች ዛሬ በየትኛው ወገን እንዳሉ ስለማላውቅ አልጠይቅም። ለሁለቱም ወገን የምለው ግን አንድ ነው። መንግሥት ትናንት የነበሩትን ሲከስ፣ ታጣቂም መንግሥትን ሲከስ፣ እኔ ከተከሳሹ በፊት ከሳሹን እጠይቃለሁ። ያለ ፍርድ ማሰርን የምትከስ፣ አንተ የያዝከውን ሰው የት አስረኸዋል? ያለ ፈቃድ ግብር ተጣለብኝ የምትል፣ በኬላህ ላይ ከገበሬው የምትቀበለውን ማን ፈቀደልህ? ፓርላማ አሻንጉሊት ሆነ የምትል፣ አንተን ማን ያወርድሃል? መልስ የሌለው ከሳሽ ሥልጣን ፈላጊ እንጂ ነፃ አውጪ አይደለም።

አጎቴ ከዚያ ጥር በኋላ ሁለት ዓመት ኖረው አረፉ። መንገዱ አስቸግሮኝ ለተዝካራቸው አልደረስኩም። በዚያ ምሽት እሳቱ ሊጠፋ ሲል ስለ አሜሪካኖቹ አንድ ነገር ብቻ ጨምረው ጠይቀውኝ ነበር።

«ታዲያ አሁንም ያነቡታል ወይ፣ ያንን ክስ?»

«በየዓመቱ ያነቡታል፣ ጋሼ።»

«እኛስ የንጉሡን ክስ መቼ ነው ያነበብነው?»

ዝም አልኩ። አዋጅ ቁጥር 1ን ከትምህርት ቤት ወዲህ ራሴም ከፍቼው አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ ስገባ መጀመሪያ ያወጣሁት እሱን ነው። እናንተም አንብቡት፤ ክሱን ብቻ ሳይሆን ከክሱ በታች ያለውንም።

ቸር እንሰንብት።